ኢሜይላችንን የሚያጠፋው ማነው?

«ኢንቦክሴ ውስጥ 14 ሺህ ያልተከፈተ አለ» ብሎ መሳቅ በኛ ዕድሜ ጨዋታ ሆኗል። ስልኩን አውጥቶ ቀይዋን ቁጥር የሚያሳይ አለ። «ይሄማ ምን አላት፣ የኔ 22 ሺህ ገብቷል» ብሎ የሚበልጠውም አይጠፋም። ሥራ የበዛበት ሰው መምሰል አምሮናል መሰለን። ያልተጠረገ ቤት ለእንግዳ እያስጎበኘ የሚኮራ ሰው ግን አይተን አናውቅም። ኢሜይል ላይ ሲሆን ለምን እንደሚያኮራ የሚያስረዳን ካለ መድረኩ ክፍት ነው።

ነገሩ የጽዳት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ በዝምታ ባለፍነው። ግን የማይጠፋ ኢሜይል የሚባል ነገር የለም። እናንተ ካላጠፋችሁት ሌላ ሰው ያጠፋላችኋል፤ ያውም የሚያስፈልገውን ከማያስፈልገው ሳይለይ። ስለዚህ ዛሬ የምንሟገተው ለዚህ ነው፦ የድሮ ኢሜይላችንን የምናጠፋው እኛ ራሳችን እንሁን፣ ለዚያም ደብዳቤው መጀመሪያ እጃችን ይግባ። ሰው አገር መጋዘን ውስጥ የተቀመጠን ነገር «የኔ ኢሜይል» ማለት ባዶ ጉራ ነው።

«ማን ያጠፋብናል?» ለሚል ቆቦን እንጥራለት።

ቆቦ ከወልድያ ወደ መቀሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ናት፤ በስተምሥራቅ የዞብል ተራሮች፣ ከሥራቸው የራያ ሜዳ፣ ሜዳው ላይ ማሽላ። ባለፉት ዓመታት ግን ስሟ የተነሳው ከማሽላዋ ይልቅ በጦርነት ነው። በ2013 ሐምሌ ጦርነቱ ከተማዋ ገባ። እስከ ታኅሣሥ 2014 ድረስ መብራትም፣ ስልክም፣ ኢንተርኔትም አልነበረም። በ2014 ነሐሴ ጦርነቱ ዳግም ተመለሰ። ያ አልፎ እፎይ ሊባል ሲል፣ ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋ። በክልሉ ከተሞች ቀስ በቀስ መመለስ የጀመረው በ2016 ክረምት ነው። አንድ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀር ማለት ነው።

አሁን የያሁን ደንብ ከዚህ ጎን አስቀምጡት። 12 ወር ሙሉ ባለቤቱ ያልገባበት የያሁ ሳጥን እንደተተወ ይቆጠራል፤ ውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋል። ደንቡ ሰውየው ለምን እንዳልገባ አይጠይቅም። ረስቶት ይሁን፣ ሞቶ ይሁን፣ ኢንተርኔት ተዘግቶበት ይሁን ለኮምፒዩተሩ አንድ ነው። እንበልና አንዲት የቆቦ ልጅ ኢንተርኔት የምታገኘው በስልኳ ብቻ ነው፤ ያሁዋን ለመጨረሻ ጊዜ የከፈተችው ደግሞ መስመሩ ከመዘጋቱ ሁለት ወር በፊት ነው። መስመሩ ሲመለስ ሳጥኗ ባዶ ነው። የዘጋውን አካል ብትጠይቀው «እኔ መስመር ዘጋሁ እንጂ ደብዳቤ አልነካሁም» ሊላት ይችላል። ኩባንያው ደግሞ «ስትመዘገቢ በደንቡ ተስማምተሻል» ይላታል። ሁለቱም አልዋሹም። ደብዳቤው ግን የለም።

ጉግል ከያሁ ትንሽ ይታገሳል፤ ሁለት ዓመት ይሰጣል። ይህን ደንቡን በ2015 ግንቦት አስታውቆ ከኅዳር 2016 ጀምሮ ሥራ ላይ አውሎታል። ሁለት ዓመት ብዙ ነው የሚል ካለ ትግራይን ያስታውስ። በአብዛኛው የትግራይ ክፍል ከጥቅምት 2013 ጀምሮ ኢንተርኔት የጠፋው ከሁለት ዓመት በላይ ነው። የጉግል ደንብ ያን ጊዜ አለመኖሩ የአጋጣሚ ጉዳይ ነው፤ ማንም ለኛ አስቦ ያደረገው አይደለም። የሚቀጥለው መዘጋት መቼ እንደሚመጣ፣ ምን ያህል እንደሚቆይ የሚነግረን የለም። የኩባንያዎቹ ሰዓት ግን አሁንም እየቆጠረ ነው።

«ታዲያ ምን ይጠፋል? ማስታወቂያ ነው ሁሉም» የሚሉ ወዳጆች አሉን። እነዚህ ወዳጆቻችን የሚኖሩት ቦሌ ነው። ከራያ ቆላ ብዙ ወጣት በጅቡቲና በየመን አድርጎ ሳዑዲ የሚሄድ መሆኑን ሰምተው ይሆናል፤ የዚያ ስደት ወረቀት የት እንደሚቀመጥ ግን አስበውት አያውቁም። እህት የላከችው የፓስፖርትና የኢቃማ ስካን፣ ገንዘብ የተላከበት ደረሰኝ፣ ከኢንተርኔት ቤት የተላከ የ12ኛ ክፍል ውጤት፣ የዲግሪ ቅጂ፣ የቅጥር ደብዳቤ፣ አሁን በሕይወት የሌለ አባት ፎቶ፣ ሁሉም ያለው ኢሜይል ውስጥ ነው። በሰሜን ወሎ ጦርነቱ ያለፈባቸው ብዙ መሥሪያ ቤቶች፣ ትምህርት ቤቶችና ጤና ጣቢያዎች ተዘርፈዋል፣ ወድመዋል፤ ወረቀታቸውም አብሮ ሄዷል። ዋናው ወረቀት ሲጠፋ አንድ ቀን በ5 ብር ስካን ተደርጎ የተላከው ቅጂ ዋናው ይሆናል። እሱ ነው እንግዲህ ከ14 ሺህ ማስታወቂያ ሥር ተቀብሮ የኩባንያ ሰዓት የሚቆጠርበት።

«አታጥፉ» የሚለውን ማን እንዳስተማረን እናውቃለን። ሆትሜይል በጥንቱ ዘመን የሚሰጠው 2 ሜጋባይት ነበር፤ 30 ቀን ካልገባችሁም ደብዳቤውን ጠራርጎ ያጠፋ ነበር። ስለዚህ ሰዉ በየሳምንቱ ገብቶ ያራግፋል። መጋቢት 23 ቀን 1996 (በፈረንጆቹ ኤፕሪል 1 ቀን 2004) ጂሜይል 1 ጊጋባይት ይዞ ብቅ ሲል ብዙ ሰው የኤፕሪል ፉል ቀልድ መስሎት ነበር። ጥሪው ግልጽ ነበር፦ ከእንግዲህ ማጥፋት አያስፈልጋችሁም፣ ፈልጉ ታገኛላችሁ። አመንን። ሃያ ዓመት አጠራቀምን። ዛሬ 15 ጊጋባይቱን ፎቶውም፣ ፋይሉም፣ ኢሜይሉም ይሻሙበታል፤ ሲሞላ አዲስ ደብዳቤ አይገባም፤ መፍትሔው በወር የሚከፈል ነው። ስጦታ የመሰለን ነገር ኪራይ ቤት ሆኖ ተገኘ፤ ዕቃችን ደግሞ ውስጡ ነው።

ከኛ በፊት የነበሩት እንዲህ አልነበሩም። በ1980ዎቹ መጨረሻ አዲስ አበባ ውስጥ ኢሜይል የሚላከው በአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በነበረው ፓዲስ በሚባል ክፍል በኩል ነበር። መልእክቱ ይጠራቀማል፣ በስልክ መስመር ተደውሎ ባንድ ጊዜ ይላካል፣ የመጣውም ባንድ ጊዜ ይወርዳል። በ1989 ጥር ቴሌ ኢንተርኔት ሲጀምርም መስመሩ የስልክ ነበርና ጊዜ ገንዘብ ነበር። ሰዉ ይደውላል፣ ደብዳቤውን ኮምፒዩተሩ ላይ ያወርዳል፣ መስመሩን ይዘጋል፣ ከዚያ ቁጭ ብሎ ያነባል። ደብዳቤው እቤት ነበር። ድህነት ያስተማረው ዘዴ ነው ብላችሁ ብትስቁም፣ መስመሩ ሲቋረጥ የወረደው ደብዳቤ ከሰውየው ጋር ይቀር ነበር።

ውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ኢትዮጵያውያን ደግሞ ኤልምና ፓይን በሚባሉ፣ ሥዕል በሌላቸው፣ ጽሑፍ ብቻ በሆኑ ፕሮግራሞች ይጻጻፉ ነበር። ግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት አማርኛን በላቲን ፊደል የሚጽፉበት ሥርዓት ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ አዘጋጅተው ነበር። የእንግሊዝኛ ስሙ ባጭሩ ሲነበብ «ሴራ» ይላል። (ስሙ እንጂ ምንም ሴራ አልነበረበትም።)

ፓይንን እዚህ ላይ ቆም ብለን እናየው፤ ለክርክራችን ዋናው እሱ ነውና። በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1989 ተጀመረ፤ የዛሬ ልጁ አልፓይን ይባላል፤ አሁንም በነጻ ይገኛል፤ አሮጌ ዊንዶውስ ላይም ይሠራል። ስትከፍቱት ጥቁር መስኮትና የደብዳቤ ዝርዝር ነው የምታዩት፤ ሌላ ምንም የለም። አንድ ደብዳቤ ለማጥፋት «ዲ» ትጫናላችሁ። ደብዳቤው ግን አይጠፋም! ከጎኑ ምልክት ብቻ ይደረግበታል፤ ሐሳባችሁን ከቀየራችሁ «ዩ» ብላችሁ ትመልሱታላችሁ። የሚጠፋው «ኤክስ» ስትሉ ነው፤ ወይም ስትወጡ ፕሮግራሙ «ምልክት ያደረጋችሁባቸው ይህን ያህል ናቸው፣ ላጥፋቸው?» ብሎ ይጠይቃችኋል፤ አዎ ወይም አይ ትላላችሁ። አዲስ ወር ሲገባም የላካችኋቸውን ደብዳቤዎች በወሩ ስም ለይቶ ላስቀምጥ ወይ ይላል፤ ቀጥሎ የድሮዎቹን ወራት እያነሳ ይህን ላጥፋ ወይ እያለ አንድ በአንድ ይጠይቃል። በየወሩ። እንደ ጥሩ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ። ጂሜይል እኛን የሚጠይቀን ሲሞላ ብቻ ነው፤ እሱም ገንዘብ ነው የሚጠይቀው።

መት የሚባለው ሌላው ፕሮግራም ደግሞ ለ14 ሺዎቹ ጀግኖቻችን የተሠራ ነው። «ከሁለት ዓመት በላይ የቆዩትንና ከዚህ አድራሻ የመጡትን ብቻ አሳየኝ» ትሉታላችሁ። ሥራ አስተዋዋቂው ድረ ገጽ በሦስት ዓመት የላከው 4 ሺህ ደብዳቤ ባንድ መስመር ትእዛዝ ይሰለፋል። አንዴ ዐይናችሁን ጣል አድርጋችሁ ባንድ ትእዛዝ ምልክት ታደርጉበታላችሁ። በስልክ በጣት እየጠረጉ ይህን ለመጨረስ አንድ ክረምት ይፈጃል።

ደብዳቤውን ማውረዱም ከባድ አይደለም። ጉግል ቴክአውት በሚባለው አገልግሎቱ ሳጥናችሁን ሙሉውን ባንድ ፋይል ይሰጣችኋል። ፋይሉ ደብዳቤዎች በተርታ የተጻፉበት ረጅም ጽሑፍ ነው፤ እነዚሁ ፕሮግራሞች ያለ ኢንተርኔት ይከፍቱታል። ያሁን ደግሞ «አፕ ፓስወርድ» አውጥቶ በፕሮግራሙ በኩል ማውረድ ይቻላል። ጽሑፍ ብቻ የሆነ ደብዳቤ ቢበዛ ጥቂት ኪሎባይት ነው። በአማካይ 5 ኪሎባይት ብንል 10 ሺህ ደብዳቤ 50 ሜጋባይት ነው፤ አሮጌ ፍላሽ ላይ ተቀምጦ ቦታ ይተርፋል። ከባዱ ተያይዞ የመጣው ፎቶና ስካን ነው። እሱን ነው እየመረጡ ማስቀመጥ። መስመር ባለበት ቀን አንዴ ወልድያም ሆነ ደሴ ሄዶ ጥሩ ኢንተርኔት ባለበት ማውረድ፣ ከዚያ ቆቦ ተመልሶ መስመር ባይኖርም በየማታው መልቀም ይቻላል። መብራት ካለ ማለታችን ነው።

እዚህ ጋ ሁለት ዓይነት ተቃውሞ እንጠብቃለን። የመጀመሪያው የኮምፒዩተር ሊቆቻችን ነው፦ «ትክክል! ጥቁር መስኮት የማይጠቀም ሰው ኮምፒዩተር አይንካ!» እናንተ ባትደግፉን ይሻለናል። እኛ ጥቁሩን መስኮት ያነሳነው ለጉራ አይደለም። ርካሽ ስለሆነ፣ ባረጀ ላፕቶፕ ስለሚሄድ፣ ያለ መስመር ስለሚሠራና ከማጥፋቱ በፊት ስለሚጠይቅ ነው። ተንደርበርድ በሚባለው፣ ቁልፎቹ በሥዕል በሆኑት ማድረግ የሚቀለው ሰው በዚያ ያድርግ። ፊደሉም ላይ ችግር አለ፤ በአንዳንድ መስኮት ግዕዙ አራት ማዕዘን ሳጥን እየሆነ ይወጣል፣ ፎንት መቀየር ይጠይቃል። ይህን ደብቀን ፕሮግራም አንሸጥላችሁም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከባድ ነው፤ የመጣውም ከቦሌ አይደለም። «ቆቦ ላይ ቤት ሲዘረፍ እኮ ላፕቶፑም ይዘረፋል። የጉግል መጋዘን አሜሪካ ነው፤ ማንም አይዘርፈውም። ስንሸሽ ይዘን የወጣነው ልጅ እንጂ ፍላሽ አይደለም።» እውነት ነው። ስለዚህ ደብዳቤውን አውርዳችሁ ከመጋዘኑ ሰርዙት አላልንም። አንድ ቅጂ እዚያ ይቀመጥ፣ አንድ እቤት፣ አንድ ደግሞ አዲስ አበባ ወይም ደሴ ባለ ዘመድ እጅ። የምንቃወመው አንዱን ብቻ ማመንን ነው፤ አንዱ ደግሞ ቁልፉ ሌላ ሰው እጅ ያለ ሲሆን። የራያ ገበሬ ማሽላውን ሁሉ ባንድ ጉድጓድ አይቀብርም፤ ለዘር የሚሆነውንማ ገና ማሳ ላይ ሳለ ራሱን መርጦ፣ ለይቶ፣ ከጢስ በላይ ሰቅሎ ነው የሚያቆየው። የሚበላውን ከሚዘራው ያልለየ ሰው ክረምት ሲመጣ ጎረቤት ይለምናል።

ደግሞም መምረጥ ማለት ማጥፋትም ማለት ነው፤ ይህን ለማለት ድፍረት ያስፈልጋል። ባለፉት ዓመታት በየኬላው ስልክ እየተቀማ ሲበረበር ያልሰማ የለም። የአምስት ዓመት ፎቶ፣ የድሮ ጓደኛ ደብዳቤ፣ ያኔ ቀልድ የነበረ አሁን ግን ክስ የሚሆን ወሬ ሁሉ ስልኩ ውስጥ ነው፤ ኢሜይሉም አንዴ ተከፍቶ ፓስወርድ ሳይጠይቅ ቁጭ ብሏል። «ሁሉም ይቀመጥ» ማለት ይህም ይቀመጥ ማለት ነው። የጻፈላችሁ ሰውም አለ። እሱ ደብዳቤውን የጻፈው ለናንተ ነው እንጂ ስልካችሁን ለሚቀማ ሰው አይደለም። በስልክ ላይ «ዲሊት» ማለት ደግሞ ብዙ ጊዜ ወደ ቅርጫት መላክ ነው፤ ጂሜይል ቅርጫቱን እስኪያራግፍ 30 ቀን ይቆያል። የሚጠፋው ከምር እንዲጠፋ ቅርጫቱንም ባዶ ማድረግ ያስፈልጋል።

እስካሁን ስለ ግል ደብዳቤ ነው ያወራነው። የሚያናድደን ግን የመንግሥት መሥሪያ ቤቱ ነው።

የአገራችንን የቢሮ በሮች አንኳኩና ኢሜይል ጠይቁ። ከቢዝነስ ካርዱ ላይ የምታነቡት የያሁ ወይም የጂሜይል አድራሻ ነው፤ የኃላፊው ስምና የትውልድ ዓመቱ። ወረዳኔት የሚባል ፕሮጀክት ወረዳዎችን በሳተላይት ያገናኛል ተብሎ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ብዙ ገንዘብ ወጥቶበታል። ስብሰባ ለማስተላለፍ ሲሆን ይሠራል፤ ሪፖርት ሲላክ ግን አሁንም በያሁ ነው። የወረቀቱ ደብዳቤ መዝገብ ቤት ገብቶ ገቢ ይባላል፣ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ማኅተም ያርፍበታል፣ ፋይል ውስጥ ይገባል። የወረዳው የመስኖ ጉድጓድ ጥናት፣ የተፈናቃዮች ዝርዝር፣ የመምህራን ደመወዝ ጥያቄ በኢሜይል ከሄደ ግን የአንድ ሰው ኪስ ውስጥ ነው የገባው። ሰውየው ሲዛወር አብሮት ይዛወራል። ሰውየው ፓስወርዱን ሲረሳ ወረዳው ይረሳል። 12 ወር ሳይከፍተው ሲቀር ያሁ የወረዳውን ማኅደር ያቃጥለዋል፤ ያውም ወረዳ የሚባል ነገር መኖሩን ሳያውቅ።

ወረቀቱ በጦርነት የሄደበት አካባቢ ላይ ይህ ቸልተኝነት ይቅር የሚባል አይደለም። የተላከው ኢሜይል በአግባቡ ቢቀመጥ ኖሮ፣ ወድሞ የቀረው ፋይል ግማሹ ከደሴና ከባሕር ዳር ተመልሶ ይታተም ነበር። ላኪም ተቀባይም የግል ሳጥን ስለሚጠቀሙ ግን ለማን ተጽፎ ማን ጋ እንዳለ የሚያውቅ የለም።

ሠራተኛ ሲለቅ ርክክብ የሚባል ነገር አለ። ጠረጴዛ አንድ፣ ተሽከርካሪ ወንበር አንድ፣ እንግዳ ማረፊያ ወንበር ሁለት፣ የወረቀት መብሻ አንድ እየተባለ ይቆጠራል፤ መብሻው ከጎደለ ከደመወዙ ይቆረጣል። የአምስት ዓመት ደብዳቤ ይዞ ሲወጣ ግን ዘበኛው እጅ ነስቶ ይሸኘዋል። እኛ የምንጠይቀው በዚያ ቅጽ ላይ ጥቂት መስመር እንዲጨመር ነው፦ የቢሮው የኢሜይል አድራሻ (የቢሮው፣ የሰውየው አይደለም)፣ የወረደው ፋይል የተቀመጠበት ፍላሽ፣ የጠፋ ደብዳቤ ካለ ማን አጠፋው፣ መቼ፣ በማን ፈቃድ። ከዚያ ፊርማ። መብሻው ከሚጻፍበት መስመር በላይ ቢሆን ደስ ይለናል።